ፍሎክሰቲን ጀምሬ ሆዴ ተረበሸ ላልሽው እህቴ

እህቴ ጥያቄሽን ሳነበው የዛሬ ሶስት አመት ራሴን ነው ያየሁት። ፍሎክሰቲን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት፣ ባለ 20 ሚሊግራሙን፣ ከጀመርሽ 5 ቀንሽ፣ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሽሻል፣ ሆድሽ ያጉረመርማል፣ በቀን ሶስት አራቴ ሽንት ቤት ትሮጫለሽ፣ ሁዳዴም ስለገባ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምሺም፣ "ጨጓራዬን ሳይጨርሰው ላቁመው ወይ" ነው ያልሽው። እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ፍኖተ ሰላም ትንሽ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ፣ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

እኔ በ6ኛው ቀን ማንንም ሳላማክር አቆምኩት። ሆዴ ረጋ፣ አልዋሽሽም። ግን በሁለት ወሩ ያ ድባቴ ብሶበት መጣ፣ ሱቁን ከፍቼ ቁጭ እላለሁ፣ ደንበኛ ግማሽ ኪሎ ስኳር ስጠኝ ሲለኝ ስኳሩን እያየሁት ተነስቼ መመዘን አቃተኝ። ተመልሼ ስሄድ ያየኝ ባለሙያ አልተቆጣም፣ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። መድኃኒቱ የሚሰራው ሴሮቶኒን የሚባል ነገር ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለናል እንጂ 90 በመቶ ገደማው አንጀት ውስጥ ነው ያለው። ለዛ ነው ሆድ ከመጀመሪያው ቀን የሚረበሸው፣ ለስሜት ግን ለውጡን ለማየት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። መከራው ቀድሞ ጥቅሙ ኋላ ነው የሚመጣው፣ እና ብዙ ሰው እዚች መሀል ላይ ነው የሚጥለው። ማቅለሽለሹ ለአብዛኛው ሰው በአንድ ሁለት ሳምንት እየቀነሰ ይሄዳል፣ የኔ በ11ኛው ቀን አካባቢ ለቀቀኝ።

አሁን ጾሙ። ሁለተኛ ስጀምር እኔንም ሁዳዴ ነው የገጠመኝ፣ ጠዋት በባዶ ሆዴ በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጬ ቤተክርስቲያን ሄድኩ፣ ቅዳሴው ሳይጋመስ ወጥቼ ከቅጥሩ ውጪ ዛፍ ተደግፌ ያስመለሰኝን ብታይ! ሰው ጠበል የያዘው ነው የመሰለው። ከዛ ባለሙያውን ደውዬ ጠየኩት፣ ፍሎክሰቲን ሰውነት ውስጥ ቀናት የሚቆይ መድኃኒት ስለሆነ ሰዓቱን ከጠዋት ወደ 9 ሰዓት ብታዞረው ችግር የለውም፣ ብቻ በየቀኑ በዛው ሰዓት ይሁን አለኝ። እህል ቀምሼ ወዲያው በአንድ ብርጭቆ ውሃ መዋጥ ጀመርኩ፣ ግማሹ ችግር እዛው ላይ ነው የቀረው። ያንቺ ሌላ መድኃኒት ካለበት ግን ሳትጠይቂ ሰዓት አታዙሪ። የንስሐ አባትሽንም አማክሪ፣ የኔ "ታመህ ሳለ ማን ጹም አለህ" ነው ያሉኝ፣ በቀጥታ። ጠበል የምትጠጪ ከሆነም ጠጪ፣ ግን በባዶ ሆድ ጆግ ሙሉ ጠጥተሽ ኪኒኑን አብረሽው እንዳታስመልሺው፣ ካስመለሰሽም ለማካካስ ብለሽ በማግስቱ ሁለት እንዳትውጪ።

ምግቡ ላይ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንት በርበሬውን ቀንሺ፣ የኛ ደግሞ የቡሬ ነው መቼም። እኔን የያዘኝ አልጫ፣ ድንች ቅቅልና የአጃ አጥሚት ነው፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ። ዝንጅብል በሻይ ጥሩ ነው። ቡና ሶስቱንም ማለት ይቅርብሽ፣ እኔ አቦሏን ብቻ ነው የምጠጣው፣ ቶናና በረካው ላይ እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤት "አንድ መለኪያ አረቄ ሆድ ያጠብቃል" ይልሻል፣ ለኔም ብለውኛል፣ እባክሽ ከዚህ መድኃኒት ጋር አረቄም ጠላም ተይው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝን ልንገርሽ፣ ማስታገሻ ነው። ራስ ምታት ሲነሳ ሁላችንም ሮጠን ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን እንገዛለን። እነሱ ለብቻቸውም ጨጓራ ይነካሉ፣ ከፍሎክሰቲን ጋር ሲሆኑ ደግሞ ጨጓራ የመድማቱ ነገር ይጨምራል። አስፕሪንም እንደዛው። እኔ ዳይክሎፌናክ ስገዛ ሌላ የምትወስደው አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ስለዚህ ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ፓራሲታሞል ይሻላል። ጨጓራ ቀድሞም ካለብሽ ይህን ለሀኪምሽ ንገሪው፣ አልነገርሽው ይሆናል።

ተቅማጡ ሲበዛ ኦአርኤስ የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ጠጪ፣ አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ በአንድ ሊትር ውሃ፣ የአንድ ሊትሯ ሃይላንድ ልኳ ነው። አክስቴ ደግሞ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ሌላ የድባቴ መድኃኒት ነው የምትወስደው፣ የሷ ተቃራኒ ነው፣ አፍ ማድረቅና ድርቀት፣ እሷን የረዳት ውሃ ማብዛትና ተልባ ነው። ስለዚህ እዚህ ሰው "እኔን እንዲህ አደረገኝ" ሲልሽ መጀመሪያ የቱን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቂው።

ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰሽ፣ ውሃ እንኳ አልረጋ ካለሽ፣ ወይ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና ላብ አብሮ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ሂጂ። ራስን የመጉዳት ሀሳብ ከመጣም እንደዛው፣ ለቤት ሰው ንገሪና አብረሽ ሂጂ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተለይ በወጣቶች ላይ ሊመጣ ይችላል ብለውኛል።

ካልሆነ ግን አታቁሚው፣ ደውለሽ አማክሪያቸው፣ መጠኑን ዝቅ አርገው ቀስ ብለው ሊያሳድጉልሽ ወይ ሌላ ሊቀይሩልሽ ይችላሉ። ስትሄጂም የወሰድሽበትን ሰዓት፣ የበላሽውን፣ ስንቴ እንደተመላለስሽ ጽፈሽ ያዢ። እኔ የዱቤ ደብተሩ ጀርባ ላይ ነበር የምጽፈው፣ ባለሙያው ገልብጦ ማን የስንት ዘይት ዱቤ እንዳለበት ሲያነብ ሳቀ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እኔም የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ቀጠሮሽ መቼ ነው?