ካሙን ተወውና ኩሽኔታውን እየው

ከደሴ አንድ ወንድማችን ጽፎልኛል። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ትንሽ ወርክሾፕ አለው። ያገለገለ ባለ ሦስት አክሲስ ሲኤንሲ ፍሬዛ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ብረት መቁረጫ ማሽን) ገዝቶ የወፍጮ ኩሽኔታ ቤት ይሠራበታል። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ለ6206 ኩሽኔታ 62 ሚሊ ቀዳዳ ስቆርጥ ሞላላ ይወጣብኛል። በዋይ በኩል ስለካው 62 ልክ ነው። በኤክስ በኩል ግን 61.88 ነው። ግራና ቀኙ ላይ ጥፍር የሚይዘው ጠፍጣፋ ምልክት አለ። ኢንድ ሚሉን፣ መቁረጫውን ማለቴ ነው፣ ቀየርኩ፤ ካሙን (የመቁረጫውን መንገድ የሚያወጣውን ፕሮግራም) እንደገና ሠራሁት፤ ያንን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረውን ፖስትም ለወጥኩ። ያው ነው። አንድ ልጅ ክቡን በአጫጭር መስመር ከፋፍለህ አውጣው ብሎኝ ሞከርኩ፤ ጭራሽ ባሰበት። ዜሮው አይሸሽም፣ ሁሌ ቦታው ይመለሳል። ከሦስት ወር በፊት ኤክስ ይጮህ ስለነበር ኩሽኔታው ተቀይሮለታል። ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበረም። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ የደብዳቤህ መጨረሻ ላይ አለ። ከሦስት ወር በፊት የተቀየረው የኤክስ ኩሽኔታ ነው። ማሽኑን ባላየውም የምጠረጥረው እሱን ነው። የቀየረልህ ሰው ያስገባው ተራ ኩሽኔታ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ካሙን ነፃ እናውጣው። ባለ 16 ሚሊ ኢንድ ሚል ይዘህ 62 ሚሊ ቀዳዳ ስትቆርጥ የመሣሪያው መሐል የሚዞረው በ23 ራዲየስ ነው። 31 ሲቀነስ 8። ጂ ኮዱን፣ ካሙ ለማሽኑ የጻፈውን ትእዛዝ፣ ክፈትና የመጨረሻውን ዙር ፈልግ። ጂ03 (ከሰዓት በተቃራኒ የሚዞር ክብ) ብሎ አይ-23 (የክቡ መሐል 23 ሚሊ ወደ ግራ) ካለ ካሙ ሥራውን ጨርሷል። ኮዱ ክብ ነው። ሌላም ማስረጃ አለህ። ካም ቢሳሳት ስህተቱ ኤክስን መርጦ ዋይን አይተውም። መስመር መከፋፈሉ ደግሞ ማሽኑ በየነጥቡ እንዲንተፋተፍ ከማድረግ በቀር ምንም አልጠቀመህም። ወደ ቀድሞው መልሰው።

አሁን ጠፍጣፋው ምልክት ለምን ግራና ቀኝ ብቻ እንደወጣ ላስረዳህ። ይህችን ነገር ለልምምድ ወደኔ ለሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ ሳልነግር አላልፍም፤ አንዴ የገባው ሰው ማሽን ሲያይ ዓይኑ ይለወጣልና።

መሪው የላላ አሮጌ አይሱዙ ይዘህ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ አስብ። ቀኝ ኩርባ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ ይዘኸዋል፣ መኪናው ይታዘዛል። ኩርባው አልቆ ወደ ግራ ስትመልሰው ግን የመጀመሪያው አንድ ስንዝር ባዶ ነው። እጅህ ይዞራል፣ ጎማው አይሰማም። ባዶው ሲያልቅ ጎማው ይነቃል። ልብ በል፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ብቻ እየዞረ እያለ ችግሩ አይታወቅም። የሚታወቀው አቅጣጫ ሲቀየር ነው።

ማሽንህም እንደዚያው ነው። ክብ ሲቆርጥ ኤክስና ዋይ አብረው ይሄዳሉ። የሰዓት ፊት አድርገህ እየው። 3 ቁጥር ባለበት፣ ማለትም በቀኝ ጫፍ፣ ኤክስ ወደ ቀኝ መሄዱን ጨርሶ ወደ ግራ ይመለሳል። 9 ቁጥር ላይ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ዋይ የሚመለሰው 12 እና 6 ላይ ነው። ስለዚህ ኤክስ ከላላ ምልክቱ 3 እና 9 ላይ ይወጣል፤ ዋይ ከላላ 12 እና 6 ላይ። ኤክስ አቅጣጫ ሲቀይር ሞተሩ ይዞራል፣ ጠረጴዛው ግን ባዶው እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ዋይ በዚያች ቅጽበት መንገዱን እየቀጠለ ነው። አንዱ ቆሞ አንዱ ሲሄድ የሚቆረጠው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ጥፍርህ የያዘው ጠፍጣፋ እሱ ነው።

ልኩም ይገጥማል። ኤክስ ወደ ቀኝ ሲሄድ በባዶው ግማሽ ያህል ሳይደርስ ይቀራል፤ ወደ ግራም እንዲሁ። ሁለቱ ግማሾች ሲደመሩ የኤክስ ዲያሜትር በባዶው ልክ ይጠባል። አንተ ያጣኸው 0.12 ነው። እንግዲህ ኤክስ ላይ ወደ 0.12 ሚሊ የሚጠጋ ባክላሽ፣ ማለትም ያ ባዶ፣ አለህ። አንድ ፈተና ልጨምርልህ። በሰያፍ፣ በ45 እና በ135 ዲግሪ ለካው። አንደኛው ሰያፍ ከ62 ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል። ጂ03ን በሰዓት አቅጣጫ ወደሚዞረው ጂ02 ለውጠህ ሌላ ቀዳዳ ብትቆርጥ የሰፋውና የጠበበው ቦታ ይቀያየራሉ። እንዲህ ከሆነ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

ሞተሩን ጠረጴዛውን ከሚገፋው ቦል ስክሩ ጋር የሚያያይዘው ካፕሊንግ ነው የሚልህ ሰው ይኖራል። ካፕሊንግ ቢንሸራተት ግን ዜሮህ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየሸሸ ይሄድ ነበር። ያንተ ይመለሳል። ስለዚህ እሱን ለጊዜው ተወው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ኮንትሮሉ ውስጥ የባክላሽ ማካካሻ ቁጥር ተሞልቶ እንደሆነ እይ። ፋኑክ ላይ ፓራሜትር 1851 ነው፤ ሌላ ኮንትሮል ከሆነ መጽሐፉ ላይ ታገኘዋለህ። ያለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈውና ዜሮ አድርገው። ኩሽኔታውን የቀየረው ሰው እዚያ ቁጥር ጨምሮ ቢገኝ አይገርመኝም። ስንቱ ማሽን ላይ አይቻለሁ! የላላውን ብረት ሳያጠብቁ በቁጥር ይሸፍኑታል። ማካካሻ ሞተሩን ትንሽ አስቀድሞ ያዞረዋል እንጂ ጠረጴዛውን አይዘውም። ኢንድ ሚሉ ብረት ሲነክስ ጠረጴዛው በዚያች ባዶ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ቀጥለህ ሁለት ዳያል ጌጅ፣ መቶኛ ሚሊ የሚያነብ ባለ መርፌ መለኪያ፣ ፈልግ። አንደኛውን ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ዘንግ) ላይ አስረህ ጫፉን ሞርሳው ላይ በኤክስ አቅጣጫ አሳርፈው። ለሁለተኛው ከአሮጌ ኩሽኔታ አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ አውጣ። የቦል ስክሩው ጫፍ፣ ከሞተሩ ተቃራኒ ባለው በኩል፣ መሐሉ ላይ ሾጣጣ የሴንተር ጉድጓድ አለው። ኳሷን ግራሶ ቀብተህ እዚያ ላይ ለጥፋት። ግራሶው ይይዛታል። የዳያሉን ጫፍ ኳሷ አናት ላይ አሳርፈው። የዳያሉን ማቆሚያ ማግኔት ዋናው ኩሽኔታ ከተቀመጠበት ብረት ጋር አንድ ሆኖ በሚንቀሳቀስ አካል ላይ አስር። ስክሩው ሲዞር ኳሷ እዚያው ትዞራለች፤ ስክሩው ወደ ፊት ወደ ኋላ ካለ ግን ዳያሉ ይናገራል።

ይህን ሁሉ የምታስረው ማሽኑ ጠፍቶ ነው። ዋናውን ማብሪያ አጥፋ፣ ጓጉንቸር አድርግበት፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት። መብራቱ ሄዷል ብለህ አትመን። የኛ አገር መብራት ተመልሶ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ድሮ የሠራሁበት ቦታ አንድ ጓደኛዬ መብራት ጠፍቶ ሳለ የቶርኖውን ማብሪያ ሳያጠፋ ቸኩ ላይ የተጠመጠመ ፍቅፋቂ ሊያወጣ እጁን ሰደደ። መብራቱ መጣ። ሁለት ጣቱን አጥቷል። እባክህን፣ ቁልፉ ኪስህ ይሁን።

ዳያሎቹ ከታሰሩ በኋላ ከማሽኑ ውጣና አብራ። ስፒንድሉ እንዳይዞር። እጅህ ውጭ ሆኖ በሃንድዊሉ በ0.01 ደረጃ ኤክስን ወደ አንድ ወገን ግማሽ ሚሊ ያህል ውሰድ። ሁለቱንም ዳያል ዜሮ አድርግ። ከዚያ አቅጣጫ ቀይረህ አንድ አንድ እያልክ ቁጠር። የጠረጴዛው ዳያል ስንት ቆጥረህ ተነሳ? 12 አካባቢ ከሆነ በልኬት ያገኘኸው ያው ነው። በዚያ ጊዜ ኳሷ ላይ ያለው ዳያል አብሮ ወደ 12 መቶኛ ከሄደ ስክሩው ራሱ እየተንሸራተተ ነው። ጥፋቱ የኩሽኔታው ወይም የመቆለፊያ ዳዶው ነው። ኳሷ ዝም ብላ ጠረጴዛው ብቻ ከዘገየ ስክሩው የሚያልፍበትን ቦል ነት ጠርጥር፤ መጀመሪያ ግን ብሎኖቹን አጥብቅና እንደገና ለካ።

እኔ ኳሷ ትንቀሳቀሳለች ብዬ ነው የማስበው።

ከመክፈትህ በፊት እንደገና፦ አጥፋ፣ ቆልፍ፣ ቁልፉ ኪስህ። የሰርቮ ድራይቩ ከጠፋ በኋላም ውስጡ ቻርጅ ይይዛልና ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቅ። ሥራው ዜድ ላይ ቢሆን ኖሮ ከጭንቅላቱ ሥር ወፍራም እንጨት ደግፍ እልህ ነበር፤ ይህንም ለሌላ ቀን ያዘው።

ስትከፍት መጀመሪያ ዳዶውን ንካው። በእጅህ ከዞረ ምናልባት እሱ ብቻ ነው። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ሳይፈቱ ዳዶውን በኃይል የሚያዞሩ አሉ፤ ጥርሱን ይበሉታል። እሷን በአለን ቁልፍ ላላ አድርገህ ጀምር።

ከዚያ ኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ። በ60፣ በ62 ወይም በ63 የሚጀምር ከሆነ ተራ ኩሽኔታ ነው። ለሞተርና ለወፍጮ ጥሩ ነው፤ ለቦል ስክሩ አይሆንም። ተራ ኩሽኔታ ውስጥ ኳሶቹ ትንሽ ቦታ ይዘው ነው የሚሠሩት። በጎን የማይታይ ቦታ በርዝመት አቅጣጫ ሲመጣ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሲ3 (ቦታው ሰፋ ያለ ማለት ነው) የተጻፈበት ከሆነማ ይባስ። ዳዶውን የቱንም ያህል ብታጠብቀው ያ ቦታ አይጠፋም። እዚህ መግባት ያለበት አንግል ኮንታክት የሚባለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በ7 ይጀምራል፤ ጥንድ ሆኖ ይሸጣል። ጥንዶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲቀመጡ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይይዛል። ሁለቱንም በአንድ ፊት ብትደረድራቸው በአንድ ወገን ብቻ ይይዙና ተመልሰህ እዚሁ ችግር ውስጥ ትገባለህ። ጎናቸው ላይ የ«ቪ» ምልክት ካለ አገናኝተህ አሰልፋቸው።

ስትገዛ ተጠንቀቅ። የታወቀ ስም ያለው ሣጥን ውስጥ ርካሽ ዕቃ ከተው ይሸጣሉ። ጽሕፈቱ የደበዘዘ፣ ሁለቱ ኩሽኔታዎች ላይ ያለው ቁጥር አጻጻፉ የሚለያይ፣ በጣትህ ስታዞረው አሸዋ እንዳለበት የሚያንቋቋ ከሆነ መልስለት። ዋጋው ግማሽ ስለሆነ ብቻ አትውሰድ። አንድ የተበላሸ የኩሽኔታ ቤት ከነብረቱና ከነጉልበቱ ስንት እንደሚያወጣ አንተ ታውቃለህ።

ስትገጥም በመዶሻ አትምታው። ዘንግ ላይ ስታስገባ የውስጡን ቀለበት ብቻ በቱቦ ግፋ። ብታሞቀውም ከ100 ዲግሪ አታሳልፈው። ግራሶ ሲሶውን ብቻ ሙላ። ዳዶውን በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ፤ በየመሐሉ ስክሩውን በእጅህ አዙረው። ከብዶ ግን ሳይቆረጥ መዞር አለበት። ማሽኑን ከማብራትህ በፊት እጅህም መፍቻህም ከውስጥ መውጣታቸውን እይ፣ ከዚያ ብቻ ጓጉንቸሩን ፍታ።

ኩሽኔታው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሥራ እንዳይቆምብህ እንዲህ አድርግ። ካሙ ላይ ቀዳዳውን 61.4 ላይ አቁመው። ዙሩን በጂ02 አድርገው፤ ውስጥ ለውስጥ በጂ03 ስትሄድ ኢንድ ሚሉ ጠረጴዛውን ወደ ራሱ ይጎትታል፣ የላላ ማሽን ላይ ይዘላል። ከዚያ ስፒንድሉ ላይ በሚታሰር ቦሪንግ ሄድ (ቀዳዳ ማስፊያ) ሁለት ጊዜ አልፈህ 62 አድርሰው። ቦሪንግ ሄድ ሲቆርጥ ጠረጴዛው ቆሞ ነው፤ ክቡን የሚያወጣው ስፒንድሉ ስለሆነ ባክላሹ አይነካውም። ወደ መሐሉ ስትመጣ ግን ሁሌ ከአንድ ወገን ና። መጀመሪያ ኤክስ-2 ላይ ሂድ፣ ከዚያ ወደ ኤክስ 0። አለበለዚያ ቀዳዳው ክብ ሆኖ ቦታው ይስታል።

አዲሱ ኩሽኔታ ከገባ በኋላ የኳሷን ልኬት ድገመው። የቀረችው አንድ ሁለት መቶኛ ከሆነች ያኔ ማካካሻው ውስጥ አስገባት። ጠዋት የደሴ ብርድ ማሽኑን ስለሚይዘው ሩብ ሰዓት ያህል ባዶውን አንቀሳቅሰውና ነው የምትለካው። ከዚያ አሉሚኒየም ላይ 62 ቁረጥ፣ በአራቱም አቅጣጫ ለካ። አሮጌው ኩሽኔታ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ኳሷ ያሳየችህን ልክ ጻፍልኝ።