ከባለቤቴ የሸሸሁበትን ሕመም ለማን ልንገር?

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ አካባቢ የምኖር የ54 ዓመት ሰው ነኝ። ሥራዬ የእህል ንግድ ነው፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነኝ። ይህን ጉዳይ በአፌ ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ፣ አጻጻፌ ነውር ቢመስል ይቅር ይበሉኝ።

ከመስከረም ወዲህ ብልቴ ሲነሳ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ግራ ይጣመማል። መጀመሪያ የመጣው ሕመሙ ነው። ቀጥሎ ከላይ በኩል፣ ከቆዳው ሥር፣ ባቄላ የሚያህል ደረቅ ነገር ዳሰስኩ። እየቆየ ጥመቱ ባሰ። አሁን ከባለቤቴ ጋር መገናኘት ይቸግረኛል፤ ብሞክርም ያመኛል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ተመስገን አልኩ። ለብቻዬ መደብ ላይ ብተኛ ምን ሆንክ የሚለኝ የለምና። ፋሲካ አልፎም እዚያው መደብ ላይ ቀረሁ። ባለቤቴ ለጊዜው ዝም አለች፤ ኋላ ግን «ሌላ ሴት ይዘህ እንደሆነ ቁርጡን ንገረኝ» ብላ አለቀሰች። ወገቤን አሞኝ ነው አልኳት። እንዳላመነችኝ ከፊቷ አየሁ።

ካንሰር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አንዳንዴም በንግድ የተቀያየመኝ ሰው መተት አድርጎብኝ ይሆን እላለሁ። ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ጠበል ተጠመቅሁ፤ ልቤ ዕረፍት አገኘ፣ ጥመቱ ግን እንዳለ ነው። አንድ መድኃኒት አዋቂ ደግሞ የዘመድ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ በቅባት አሽቶ በእጁ እንደሚያቀናው ነገረኝ። ጤና ጣቢያ እንዳልሄድ፣ ካርድ ክፍል የምትሠራው የጎረቤቴ ልጅ ናት።

የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ወደ መዳፌ እየታጠፈች አልዘረጋም ስላለችኝ የእጅ ጽሑፌ አላማረም፤ እሱን ይለፉልኝ። ምን ይሻለኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከመንዝ

መልስ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይለፉልኝ ያሉትን ጣት አላልፈውም። መዳፍዎን ገልብጠው ከቀለበት ጣትዎ ሥር በሌላው እጅዎ አውራ ጣት ይዳስሱት። ከቆዳው ሥር ገመድ የመሰለ ጠንካራ ነገር ካገኙ፣ ሐኪሞች ዱፑይትረን የሚሉት የመዳፍ ችግር ሊሆን ይችላል። ይህ የእጅ ችግርና እርስዎ የገለጹት የብልት ሕመም አንዳንድ ጊዜ አብረው የሚታዩ ናቸው። ሁለቱም የሚመጡት ሰውነት ውስጥ ያለ ጅማት መሰል ሥጋ ያለ ቦታው ሲጠነክርና ሲኮማተር ነው። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ የጻፉት ሁሉ ግን የፔይሮኒ በሽታ ወደሚባለው ያመለክታል።

ስሙን ያገኘው በ1743 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ሕመሙ ከጻፈው፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ ቀዶ ሐኪም ከነበረው ከላ ፔይሮኒ ነው። ይህን የምነግርዎ በእርስዎ ላይ ብቻ የወረደ መዓት እንዳይመስልዎ ነው። በየአገሩ ያሉ፣ በተለይም ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ይታመሙበታል። ብዙዎቹም እንደ እርስዎ ደብቀውት ይኖራሉ።

ብልት ሲነሳ በደም የሚሞሉ ሁለት ረዣዥም ክፍሎች አሉት። እነሱን የሚሸፍን ጠንካራ፣ ግን የሚለጠጥ ሽፋን አለ። እዚያ ሽፋን ላይ ጠባሳ ሲበቅል ያ ቦታ መለጠጥ ያቆማል። አንድ ጎኑን ሸብሽበው የሰፉት ጆንያ እህል ሲሞላ ወደተሰፋበት በኩል እንደሚያዘም ሁሉ፣ ብልትም ወደ ጠባሳው በኩል ይጎብጣል። የዳሰሱት ባቄላ የሚያህል ነገር ያ ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ጊዜ መነሻው በግንኙነት ጊዜ የሚደርስ፣ ባለቤቱ እንኳ ልብ የማይለው ትንሽ ጉዳት ነው ተብሎ ይታመናል። አንዳንድ ሰው ላይ ቁስሉ በወጉ አይድንም። ስኳር በሽታ፣ ሲጋራና የቤተሰብ ዝርያ ነገሩን ያግዙታል። የፔይሮኒ በሽታ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ከሰው አይያዝም፣ ወደ ባለቤትዎም አይተላለፍም። ማንም አድርጎብዎት የመጣ አይደለምና የተቀያየሙትን ሰው ከዚህ ነገር ያውጡት።

አሁን እጅግ የሚያስፈራኝ ያ በእጄ አቀናዋለሁ ያለው ሰው ነው። እባክዎ እንዳያስነኩት! የተነሳ ብልት በግድ ሲታጠፍ ሽፋኑ ሊቀደድ ይችላል። ያ ሲሆን ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ብልቱ ወዲያው ይወድቃል፣ ያብጣል፣ ይጠቁራል። በግንኙነት ጊዜም ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ አይደር፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ጠበሉን ግን ማንም አይከለክልዎትም፤ እየተጠመቁ ይታከሙ።

በሽታው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ጠባሳው ገና የሚሠራበት፣ የሚያምምበትና ጥመቱ የሚለዋወጥበት ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከመስከረም ወዲህ ካሉ እርስዎ ገና እዚያ ውስጥ ነዎት። ሁለተኛው ደግሞ ሥቃዩ አልፎ ጥመቱ በአንድ ሁኔታ የሚረጋበት ነው። ሥቃዩ በአብዛኛው ሰው ላይ በጊዜ ይጠፋል። ጥመቱ ግን በራሱ የሚሻሻለው ከ10 ሰው በአንዱ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይለቀኛል ብሎ ተደብቆ መጠበቅ አይበጅም። ዛሬ ሄደው ሐኪሙ «ለቀዶ ሕክምና ጊዜው አይደለም» ቢልዎትም እንዳጣጣለዎት አይቁጠሩት። ጠባሳው ሳይረጋ የተቀደደና የተሰፋ ተመልሶ ሊጣመም ስለሚችል፣ ቢያንስ አንድ ዓመት አልፎ ጥመቱም ለወራት ሳይለወጥ መቆየት አለበት።

እስከዚያ ለሕመሙ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሊያዝልዎ ይችላል፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለብዎ ግን ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ፋርማሲ ውስጥ ቫይታሚን ኢ ያቀናል ብሎ የሚሸጥልዎ ቢኖር ገንዘብዎን ይያዙ፤ ጥመት እንደሚያቀና አልተረጋገጠም። ጠባሳው ላይ የሚወጉ መርፌዎች አሉ፤ በሐኪም ክትትል በየቀኑ ብልትን እየሳቡ የሚያቆዩ መሣሪያዎችም አሉ። ከሁለቱም የሚገኘው ለውጥ ብዙ ጊዜ መጠነኛ ነው። ጥመቱ ከረጋ በኋላ መገናኘት ካስቸገረ ቀዶ ሕክምና ዋናው መፍትሔ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ከጠባሳው ተቃራኒ ያለውን ጎን ሸብሽቦ መስፋት ነው፤ ያቀናል፣ ግን ርዝመቱን ጥቂት ይቀንሳል። ጥመቱ በጣም ከባድ ሲሆን ጠባሳውን ቀዶ ሌላ ሥጋ መለጠፍ አለ፤ ይህኛው የመነሳት ኃይልን ሊያዳክም ስለሚችል አስቀድመው አጥብቀው ይጠይቁ። ከረጋ በኋላ መገናኘት ለማያስቸግረው ሰው ደግሞ ምንም ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል።

ባለቤትዎን አስመልክቶ፣ ከሐኪሙ በፊት እሷ ትስማ እላለሁ። እርስዎ ያፈሩበትን ነገር እሷ ክህደት አድርጋ ነው የምታነበው፤ በየሌሊቱ ተጠላሁ እያለች ነው የምታድረው። ልጆቹ ሲተኙ «ወገቤን ያልኩሽ ውሸት ነው። ብልቴ ላይ ሕመም ወጥቶብኝ አፍሬ ነው የራቅሁሽ፤ ሌላ ሰው የለም፣ አንቺንም አልጠላሁሽም» ይበሏት። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከመደቡም ዛሬውኑ ይነሱ፤ ሳይገናኙም አብሮ መተኛት ይቻላል። ሲያምም መታገል አይገባም። ሕመሙ ሲቀንስ፣ ሁለታችሁም ብልቱ የማይታጠፍበትን አኳኋን መርጣችሁ፣ ሳትቸኩሉ መገናኘት ትችላላችሁ። ሐዘኑ ከብዶ መኖር ያስጠላዎት ቀን ካለ ያንንም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ በዚህ ሕመም ብዙ ወንዶች በጭንቀትና በድባቴ ይያዛሉ፣ ለእሱም ሕክምና አለው።

የጎረቤትዎ ልጅ የምትጽፈው ስምና አድራሻ ነው። ምን ሆነው ነው ካለች «ሽንት መሽኛዬን ያመኛል» ይበቃል፤ ቀሪውን ለሚመረምርዎ ባለሙያ ብቻ ይንገሩ፤ ወንድ ይሁንልኝ ማለትም ይችላሉ። ሐኪም ፊት ብልት በትእዛዝ አይነሳምና ቤትዎ ሲነሳ ከላይና ከጎን በስልክ ፎቶ አንስተው ቢያሳዩ ምርመራውን በጣም ያቀልለታል። ስልኩን ልጆች የሚነካኩት ከሆነ በወረቀት ላይ ጥመቱን ይሳሉት። ለማንም አይላኩት፤ ካሳዩ በኋላ ያጥፉት። መዳፍዎንም ያሳዩ፤ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ሄደው የደም ስኳርዎን ያስለኩ።

የዩሮሎጂ ስፔሻሊስት፣ ማለትም የሽንት መሽኛና የወንድ ብልት ልዩ ሐኪም፣ ማየት ስለሚኖርብዎ ከጤና ጣቢያው ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ይጠይቁ። እዚያም ካልተቻለ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ የዩሮሎጂ ክፍል አላቸው። የጤና መድን ደብተር ካለዎት ሪፈሩን በየደረጃው ሳይዙ ዘለው አይሂዱ፤ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።