ሥሩን አትንቀሉት፣ ቆፍራችሁ አውጡት

ሰሞኑን ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከማቻክል አንድ ወጣት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ፎቶ ላከልኝ። በአንድ እጁ የለመለመ በቆሎ ይዟል፣ በሌላው የቀጨጨ። «ጋሼ፣ የቀጨጨው ለቁመቱ ሥሩ ብዙ ነው። ታዲያ ምን ነክቶት ነው ያላደገ?» ይላል። ጥያቄው ደስ አለኝ። አብዛኛው ሰው ቅጠል አይቶ ያልፋል። ለእሱ በስልክ ያልኩትን ለእናንተም ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። እኔ አዴት፣ ቢቸና፣ ባንጃ ስል ጭቃ ስረግጥ ነው ያረጀሁት።

መጀመሪያ ግን ተቆጣሁት። በቆሎውን በእጁ ነቅሎት ነበራ! ሲነቀል የሚወጣው ወፍራም ወፍራሙ ነው። ውሃውንና ማዳበሪያውን በብዛት የሚስበው እንደ ፀጉር የቀጠነው ሥር ተበጥሶ መሬት ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን በአካፋ ቁረጡና ከነጓሉ አውጡት። ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ላይ ቀስ እያላችሁ እጠቡት። እንዲህ ያለ ወንፊት ከሌለ የዱቄት ወንፊትም ከባዶ እጅ ይሻላል።

ማጠቡ ቀላል ይመስላል። እኔን ግን ጉድ ሠርቶኛል። ወጣት ሳለሁ በቢቸና በኩል ከዋልካ መሬት፣ በአዴት በኩል ደግሞ ከቀይ አፈር የስንዴ ሥር ሰበሰብኩ። አደረቅኩ፣ መዘንኩ። የዋልካው ሥር በጣም ከበደ። ክረምቱን ሙሉ ውሃ በተኛበት መሬት ሥር በለጠ ማለት ነው። ግራ ከመጋባት ይልቅ ኮራሁ! አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ሪፖርት ጻፍኩ። ላቦራቶሪው ውስጥ የሚሠሩ አንዲት እናት ከሥሩ ቆንጠር አድርገው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ውሃው ወዲያው ጠቆረ። «ልጄ፣ ሥር ነው ጭቃ የመዘንከው?» አሉኝ። ሪፖርቱን ቀደድኩት። ዋልካ እንደ ሙጫ ነው፣ ከቀጭን ሥር ጋር ከተጣበቀ በአንድ እጥበት አይለቅም። ከዚያ ወዲህ ያልጠበቅኩት ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው እጄን ነው።

እርጥብ ክብደትን አትመኑ። አንዱ ተክል በጠዋትና በቀትር የሚይዘው ውሃ ይለያያል፣ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ጭራሽ። ደረቅ ክብደት ግን ተክሉ በእርግጥ የገነባውን ነው የሚነግራችሁ። የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ በላቦራቶሪ ማድረቂያ ምድጃ በ65 ወይም በ70 ዲግሪ አድርቁት። ብዙ ጊዜ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይበቃዋል። እርግጠኛው መለኪያ ግን ሰዓቱ ሳይሆን ሚዛኑ ነው። ሁለት ጊዜ መዝናችሁ ካልቀነሰ ደርቋል። ደግሞ አታዘግዩት። የተቆረጠ ሥር ገና ይተነፍሳል። በፌስታል ታስሮ ሁለት ቀን የዋለ ሥር የራሱን ስኳር እየበላ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ይሻግታልም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። ተክል ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ከዚያ ያከፋፍላል። የጎደለው ከመሬት ከሆነ፣ ማለትም ውሃ፣ ናይትሮጅን ወይም ፎስፈረስ ከሆነ፣ ለሥር ያደላል። ምርት ያነሰበት ቤት ልጁን ለቀን ሥራ ወደ መተማ እንደሚልከው ማለት ነው። የጎደለው ብርሃን ከሆነ ደግሞ ለቅጠልና ለአገዳ ያደላል። ዛፍ ሥር የበቀለ በቆሎ ቀጥኖ ሲመዘዝ አይታችኋል፣ ሥሩም ደካማ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አንብቡ። ለምሳሌ የአንዱ ላዩ፣ ማለትም ቅጠሉና አገዳው፣ 40 ግራም፣ ሥሩ 8 ግራም ይሁን። የሌላው ላዩ 15፣ ሥሩ 6 ይሁን። ሁለተኛው በጠቅላላው ያለው ሥር ያነሰ ነው። ሥሩን ለላዩ ስታካፍሉት ግን ድርሻው ከ0.2 ወደ 0.4 ከፍ ብሏል። ብዙ ሥር ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም፣ የተራበ ተክል ምልክትም ሊሆን ይችላል። ግን አትቸኩሉ። ለጋ ተክል በተፈጥሮውም የሥሩ ድርሻ ከፍ ያለ ነው፣ እያደገ ሲሄድ ይቀንሳል። የቀጨጨው ገና ትንሽ ስለሆነ ብቻ የተራበ ሊመስል ይችላል። አንድ ቀን ሰብስቦ ከመፍረድ በየሁለት ሳምንቱ መሰብሰብ ይሻላል።

ክብደት ብቻውን የሚያታልልበት ቦታም አለ። ማቻክልና ባንጃ አፈሩ አሲዳማ ነው። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ (ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል)፣ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያቃጥለዋል። ሥሩ ይወፍራል፣ ያጥራል፣ ቅርንጫፍ ያጣል። ይህን ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ያን ያህል የጎደለ ላይመስል ይችላል። ርዝመቱ ግን የለም። ምድጃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ነጭ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ሥሩ እንዲህ ከሆነ ዩሪያ መጨመር ብቻውን አይፈታውም። መጀመሪያ አሲዱን የሚያበርድ ኖራ ነው።

ስለ ሥር ካነሳን ግብጦ የሚባለውን ጥራጥሬ ሳላነሳ አላልፍም። የደከመ መሬት ላይ ሲዘሩት አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። ፎስፈረስ ሲያጣ ሥሩ ላይ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያለ ሥር ያወጣል። ከዚያ ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ይረጭና አፈር የያዘውን ፎስፈረስ ያስለቅቃል። እኛ ለአረቄው ብቻ ነው የምናመሰግነው።

ሌላው የበሬ እርሻ ነው። ማረሻ በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ሲሄድ ከማረሻው በታች ያለው አፈር ይጠጥራል። ሥር እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል። ይህን ሚዛን አይነግራችሁም፣ ጉድጓድ ነው የሚነግራችሁ።

ልጁ ተመልሶ ሄደና ቆፈረ። የቀጨጨው ሥር ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጫፉ አልተቃጠለም። የለመለመውስ ከየት ነው ብዬ ስጠይቀው ለካ ከቤቱ ጓሮ፣ አመድና ፍግ ከሚደፋበት ነው ያመጣው! ሁለት የተለያየ መሬት ነው ሲያወዳድር የነበረው። ከአንዱ ማሳ፣ በአንድ ቀን ከተዘራው አምስት ከለመለመው፣ አምስት ከቀጨጨው አውጣ አልኩት። አጥቦ ደብረ ማርቆስ ወሰደና ምድጃ ለምኖ አስገባ። ትናንት ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ 48 ሰዓቱ ሞልቷል ልበል?»

መዝነህ መልሰህ አስገባው፣ ነገ ደግሞ መዝነው አልኩት።