ሁለቱም ሂንዱ ናቸው፣ ለምን ይለያያሉ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ ቢሮዬ ውስጥ ሁለት ህንዳውያን አሉ፣ ሁለቱም ሂንዱ ነን ይላሉ ግን አንዱ ሥጋም ዓሣም አይነካም፣ ሌላኛዋ ዓሣ ትወዳለች፣ የሚያመልኩትም ይለያያል። የቱ ነው ትክክሉ? ምሳ ልጋብዛቸው ፈልጌ ነው።

መልስ፦ እህቴ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሂንዱይዝም አንድ መሥራች የለውም፣ ሁሉን የሚያዝ ሲኖዶስ ነገርም የለውም፣ ሪግ ቬዳ የሚባለው መጽሐፋቸው እራሱ ከ3000 ዓመት በላይ ነው። አንዱ ቪሽኑን፣ ሌላው ሺቫን፣ ሌላው ሴቷን አምላክ ዴቪን ያስቀድማል፣ ብዙዎቹ ግን ሁሉም የአንዱ ብራህማን፣ ማለትም የሁሉ መሠረት የሆነው የበላይ እውነታ፣ መገለጫ ናቸው ይላሉ፣ ስለዚህ «አማልክታቸው በዛ» ብሎ መፍረድ ልክ አይመስለኝም። የመብራት በዓላቸውን ዲዋሊን ብቻ እዪው፣ ሰሜን ህንድ አምላካቸው ራማ ወደ ከተማው አዮድያ የተመለሰበት ነው ብለው መብራት ያበራሉ፣ በምሥራቅ ያለው ቤንጋል ደሞ በዛው ሌሊት ካሊ የምትባለዋን ሴት አምላክ ያመልካሉ። ዓሣውም እንደዛ ነው፣ ቤንጋል ውስጥ ለሠርግ ስጦታ ሁሉ አጊጦ ይላካል!

ለምሳው የጾም በያይነቱ አሪፍ ነው፣ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ ምክንያቱም ቪሽኑን ከሚያመልኩት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የማይበሉ አሉ፣ የኛ ሽሮ ደሞ ያለሱ አይሠራም፣ ስለዚህ ጎመኑን ያለ ሁለቱም ሽንኩርት ለብቻው አሠሪለት። ቀኑ ኤካዳሺ ማለትም ጨረቃ መሙላትም ሆነ መጉደል ከጀመረች 11ኛው ቀን ላይ ከዋለ ደሞ እህልና ጥራጥሬ የሚተዉም አሉና ፍራፍሬ አዘጋጂ።