ከቡጢ ወደ መድረክ ለምትመጡ ልጆች

ልጆቼ፣

ተዋናይ የመሆን ሐሳብ ይዛችሁ ቡጢ መጀመራችሁን እደግፋለሁ፤ እግርንና ትንፋሽን እንዲህ የሚገራ ስፖርት ጥቂት ነው። የፊልም ተዋናዩ ሊያም ኒሰን በሰሜን አየርላንዷ ባሊሚና ቡጢ የጀመረው በ9 ዓመቱ ነው፤ አፍንጫው የተሰበረውም እዚያው በአማተርነቱ ዘመን ነው። ሁለቱንም አስቡ።

እጃችሁን አታስቸኩሉት። መጀመሪያ እግር ይቅደም፦ ማለዳ የባሕር ዳሩን የበዛዊት ዳገት በዝግታ መሮጥ፣ ቀጥሎ ገመድ ዝላይ፣ 3 ደቂቃ ዘሎ 1 ደቂቃ እያረፉ ሦስት ዙር። የአማተር ግጥሚያ ልክም ይኸው ነው። ላብ ሲያጠምቃችሁ ጣና ውስጥ ዘሎ መግባት ያምራል፤ ተዉት። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ ቁስል ባይኖርም በቆዳ ዘልቆ ይገባል።

ፋሻችሁ 4.5 ሜትር ይሁን። ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ የእጅ አንጓውንም የጣት መገጣጠሚያውንም ሦስት ሦስት ጊዜ ዙሩ፤ የተረፈውን አንጓው ላይ ጨርሱት፤ አንጓ የሚጠመዘዘው ፋሻው እዚያ ሲሳሳ ነው። ጣት ከደነዘዘ ጠብቋልና ፍቱት።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ራሱን ባይስትም፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ወይም የተነገረውን ከረሳ የዚያን ቀን ልምምድ ያቁም፤ ሐኪምም ይየው። ቃለ ተውኔት የሚሸከመው ይኸው ጭንቅላት ነው! ኪሎ ለመቀነስ ላስቲክ ለብሶ መሮጥም ከንቱ ነው፤ የሚወርደው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም።

መድረክ ላይ ሪንግ ያስተማራችሁ ብዙው ነገር ይገለበጣል። ቡጢኛ አገጩን ደብቆ፣ ምቱን አሳጥሮ ይሰነዝራል፤ ተመልካች ግን ክንዱ ከየት እንደተነሳ ካላየ ምንም አላየም። ስለዚህ ምቱን ከትከሻ ኋላ አንሱት። አስቀድማችሁ ዐይን ለዐይን ተያዩ፤ ተመቺው መዘጋጀቱን ሳያሳይ እጅ አይነሳ። ክንዳችሁ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶም ቢሆን ጡጫው ከፊቱ አንድ ስንዝር ይራቅ። ተመቺው ጀርባውን ለተመልካች ይስጥ፤ ክፍተቱ የሚደበቀው እንዲህ ነው። ድምፁን የሚያወጣውም እሱ ነው፦ ጡጫው በፊቱ ሲያልፍ ደረቱን በመዳፉ ጠፍ ያደርጋል፣ እኩል ጭንቅላቱን ያዞራል። ድምፁ ከዘገየ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ድራማችሁ ኮሜዲ ሆነ ማለት ነው።

ሙሉዓለም የባህል ማዕከልም ይሁን የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ አንድ ሰው ከግራና ከቀኝ ጫፍ ወንበር ተቀምጦ ይያችሁ፤ ክፍተቱ ቶሎ የሚጋለጠው ከዚያ ነው። ትርኢቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደግሞ ድብድቡን የመድረክ ልብሳችሁንና ጫማችሁን አድርጋችሁ በዝግታ ሁለቴ ውጡት፤ የሚያንሸራትት ጫማና የሚይዝ እጅጌ ያኔ ይለያል።