ጥያቄና መልስ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ የሕግ ተማሪዎች

በወንጀል ችሎት ቆሜያለሁ፤ አስተምሬያለሁም። ይበልጥ የማውቀው የተያዙ ሰዎችን መብት ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የምትጠቅሱት አዋጅ አለመሻሩን ሳታረጋግጡ አንድ መስመር እንዳትጽፉ።

ተማሪ፣ ጎንደር፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስለ ሰብዓዊ መብት ለመጻፍ አስቤያለሁ። ጥሩ ርዕስ ቢጠቁሙኝ?

መልስ፦ ያልከው ርዕስ ሳይሆን የሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት በሙሉ ነው፤ ከአንቀጽ 13 እስከ 44። አንድ አንቀጽ፣ አንድ ፍርድ ቤትና አንድ ዓመት ምረጥና ተመለስ።

ተማሪ፣ ሐዋሳ፦ መምህር፣ በአንቀጽ 19 ላይ ልጽፍ ነበር፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት በሚለው። አማካሪዬ ግን ብዙ የተጻፈበት ነው አሉኝ። ምን የቀረ ነገር አለ?

መልስ፦ ልጄ፣ እንዳትተዪው። ከመዝገብ ቤት የሚገኘው ገና አላለቀም። 48 ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው? ሕገ መንግሥቱ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀውን ጊዜ ከቁጥሩ ያወጣል። መርማሪው «ሰኞ ያዝኩት» ሲል ተጠርጣሪው «ከቅዳሜ ጀምሮ ታስሬያለሁ» ቢል፣ ዳኛው የማንን ቃል በምን ያጣራል? ይህን ከመጽሐፍ አታገኚውም።

ከዚያ ጊዜ ቀጠሮው አለ፤ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪው በእስር እንዲቆይ ፍርድ ቤቱ የሚፈቅደው ጊዜ ማለት ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድ ይከለክላል፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አይናገርም። የተሻረው የፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 እንኳ፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን እየሰጠ፣ ጠቅላላው ከአራት ወር እንዳይበልጥ ጣሪያ ነበረው። በስርቆት የተጠረጠረ ሰው ይህ ጣሪያ የለውም! ያለው መከላከያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(4) ነው፤ ዳኛው ለምርመራው በጥብቅ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ እንዲፈቅድ ያዛል። ስለዚህ የአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የአንድ ዓመት መዝገቦችን ውሰጂ። ፖሊስ ስንት ቀን ጠየቀ? ስንት ተፈቀደለት? ባለፈው ቀጠሮ «ምስክር ይቀረኛል» ብሎ በዚህኛውም ያንኑ ሲደግም ዳኛው ምን ጠየቀ? የዋስትና ጥያቄው በምን ምክንያት ታለፈ? ምክንያቱስ ተጽፏል? ጎን ለጎንም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 የሚቀርቡትን አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታዎች እዪ።

ተማሪ፣ ድሬዳዋ፦ እኔ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ እንዳያገኙ የሚከለክለውን አዋጅ 621/2001 እተቻለሁ።

መልስ፦ ተሽሯል፤ በ1113/2011። ማሳሰቢያውን ከላይ የጻፍኩት ለዚህ ነበር።

ተማሪ፣ መቀሌ፦ ስለ ግል መረጃ ጥበቃስ?

መልስ፦ አዋጅ 1321/2016ን ከዲጂታል መታወቂያ አዋጁ 1284/2015 ጋር አንብብ። ዝርዝሩን በመስኩ የሚሠራ ሰው ይንገርህ።

ተማሪ፣ ጅማ፦ ፍርድ ቤቶቻችን ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን በእርግጥ ይጠቅሳሉ?

መልስ፦ ይጠቅሳሉ። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም.፣ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ከአባትየው ይልቅ የሕፃኑን ጥቅም አስቀድሟል። ፍርዱን ራሱን አንብቢ፤ ሌላ ሰው ያሳጠረውን አትጥቀሺ።

ጠበቃ፣ ባሕር ዳር፦ ይቅርታ መምህር፣ ልጆቹን ተስፋ ባንሰጣቸው ይሻላል። በአንቀጽ 83 መሠረት ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰልፍ ሲታገድና ተቃዋሚው ፓርቲ ቅንጅት ሲከስ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ምክር ቤቱን ወደሚያማክረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው የላከው።

የማስተርስ ተማሪ፦ ልከውም ጉባኤው ትርጉም አያስፈልገውም አለ! ታዲያ የዜጋው አቤቱታ የት ይሂድ? አንቀጽ 13(1) እኮ ፍርድ ቤቶችም መብቶቹን እንዲያከብሩ ያስገድዳል።

ጠበቃ፣ ባሕር ዳር፦ ማክበርና መተርጎም ይለያያሉ። በ1996 አንድ የሸሪአ ፍርድ ቤት በአንዲት ሴት ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ፣ ለዳኝነቱ አልተስማማችም ብሎ የሻረውም የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ነው።

የማስተርስ ተማሪ፦ አጣሪ ጉባኤው አልቀበልም ካላት በኋላ! የእርስዎን ክርክር ነው የሚያፈርሰው።

መልስ፦ ይብቃችሁ፤ ጥያቄ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ሁለታችሁም አዋጅ 1234/2013ን ዘለላችሁት። በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን፣ በፍርድ ሊወሰኑ የሚችሉ መብቶች ለማስከበር ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን ሰጥቷል። ስንት ሰው ተጠቀመበት? ችሎቱስ ምን አለ? ርዕስ የጠፋባችሁ ይህን ያዙ።

ተማሪ፣ ወሎ፦ መምህር፣ ስለ ሰብዓዊ መብት ርዕስ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ከላይ ያለውን ሳታነቡ አትጠይቁኝ። ለጎንደሩ ልጅ የመለስኩትን እይ።

ተማሪ፣ አርባ ምንጭ፦ በአስቸኳይ ጊዜ 48 ሰዓቱ ይታገዳል?

መልስ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩትን አንቀጾች ሲዘረዝር 1፣ 18፣ 25 እና 39(1)ና(2)ን ነው የጠራው፤ 19 የለበትም። ሊታገድ ይችላል ማለት ግን ታግዷል ማለት አይደለም። የእያንዳንዱን አዋጅና መመሪያ ቃል መርምር። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 4 መንግሥት የትኞቹን መብቶች እንዳገደ በተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በኩል ለሌሎች አባል አገሮች እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ማሳወቂያው ሄዶ እንደሆነ መፈተሽ ብቻ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ተማሪ፣ አዲስ አበባ፦ የመውጫ ፈተናው ላይ ምን ይመጣል?

መልስ፦ ዛሬ ስለ ፈተና አልመልስም።

ተማሪ፣ ሐዋሳ፦ መምህር፣ መዝገብ ቤቱ ካላስገባኝስ?

መልስ፦ ከትምህርት ክፍልሽ ደብዳቤ አጽፊና ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አቅርቢ፤ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛው አይደለም። የምትፈልጊውን ዓመትና የጉዳይ ዓይነት ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። የተጠርጣሪዎቹን ስም ከማስታወሻሽ ሳይቀር አውጪ፤ በመዝገብ ቁጥር ብቻ ሥሪ። ቀጠሮ የሚሰጥበት ችሎት ለሕዝብ ክፍት ከሆነም ገብተሽ ተቀመጪ፤ በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረውን ጥያቄና መልስ የምትሰሚው እዚያ ነው።