ሶሊድወርክስን ከመክፈትሽ በፊት

ጥያቄ፦ «የአምስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ መብራት የሚቆጥብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልሠራ አስቤያለሁ። ዲዛይኑን በሶሊድወርክስ (በኮምፒውተር ንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም) ጀምሬዋለሁ፤ ግን አካሄዴ ትክክል መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። መሐንዲሶች አዲስ ዕቃ ሲሠሩ ከየት ነው የሚነሱት? ይህስ ሥራ ለመቀጠር ይጠቅመኛል?»

ውድ እህቴ፣

ምጣድ መምረጥሽ በጣም ደስ ብሎኛል። የተለመደው ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይወስዳል። በ220 ቮልት ስታሰይው 16 አምፔር ገደማ ነው። ለአንድ ቤት ከባድ ጭነት ነው። ስለዚህ የያዝሽው ችግር እውነተኛ ነው።

ሶሊድወርክሱን ግን ለጊዜው ዝጊው። እዚያ ላይ የምታስገቢያቸው ቁጥሮች ከየት እንደሚመጡ ገና አልወሰንሽም።

መጀመሪያ ሲጋገር ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። የእናትሽን ቤት ብቻ ሳይሆን ጋግረው የሚሸጡ ሴቶችንም እዪ። የመጀመሪያውን ሊጥ እስኪያፈሱ ስንት ደቂቃ ይጠብቃሉ? አክንባሎውን መቼ ይከድናሉ? መሐል ላይ ምጣዱን ያጠፉታል ወይ? «ምን ይሻሻል?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው «መብራት ባይበላ» ይሉሽ ይሆናል። እጃቸውን ስታዪ ግን ሌላ ነገር ልታገኚ ትችያለሽ። ምናልባት መሐሉ በስሎ ዳሩ ስለሚቀር እያንዳንዱን እንጀራ ያቆዩታል። ያኔ ኃይሉ የሚባክነው እዚያ ጋ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ያየሽውን ወደ ቁጥር ቀይሪ። «ዓይኑ ያምራል» የሚለው የባለሙያ ቃል ነው፤ አንቺ ደግሞ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) የሚያነበው ነገር ያስፈልግሻል። በመሐልና በዳር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከስንት ዲግሪ አይበልጥ? የመጀመሪያው እንጀራ በስንት ደቂቃ ይድረስ? ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ዋት-ሰዓት ይፈቀድ? ዋጋውስ ከስንት ብር አይለፍ? ይህን አንድ ገጽ ላይ ጻፊው። በእኔ እምነት ከሙሉው ፕሮጀክት ውስጥ በጣም ከባዱ ገጽ እሱ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚዘለውም እሱኑ ነው።

አብረሽ የምትወስኚው ነገር ምጣዱ እንዴት እንደሚፈተሽ ነው። «ምርጥ» የሚባለውን የእንጨት ምድጃ ታውቂዋለሽ፤ በሲሚንቶ የሚሠራው፣ ከኋላ በሚወጣው ትርፍ ሙቀት ድስት የሚጣድበት። ሦስት ጉልቻ ላይ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ምድጃ የሚፈተሽበት የተለመደው ዘዴ ውሃ ማፍላት ነው። ውሃ መፍላቱ ግን ስለ እንጀራ ምንም አይነግርም። ስለዚህ እንጀራው ራሱ ይጋገራል፤ ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት እንጨት እንደነደደ ይመዘናል። አንቺም ባዶ ምጣድ አግለሽ «ቶሎ ጋለ» ብለሽ እንዳትደመድሚ። ምድጃው ገበያ ከገባ በኋላም ሥራው አልቆመም፤ ግድግዳው ሳስቶ ቀለል ያለና ዋጋው የቀነሰ «ቀጭን ምርጥ» መጣ።

አሁን ወደ ዲዛይኑ። እዚህ አንዱን ስትይዢ ሌላው ያመልጥሻል። ሸክላውን ብታሳሺው ቶሎ ይግላል፤ ለማሞቂያ የሚሄደውም ኃይል ይቀንሳል። ግን ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበት ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል፤ የሚቀጥለውን እንጀራ ለመጋገር መጠበቅ ይመጣል። በቀላሉም ይሰነጠቃል። ብታወፍሪው ሙቀቱን ይይዛል፤ አምስት እንጀራ ብቻ ለምትጋግር ሴት ግን ብክነት ነው። ለማን እንደምትሠሪ ካልወሰንሽ የሸክላውን ውፍረት መወሰን አትችይም። ቀን ሙሉ ለሚጋግር ቤትና ለአነስተኛ ቤተሰብ መልሱ አንድ አይደለም። ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) በምን ያህል ርቀት ይጠምዘዝ፣ ከሥሩ ጀሶ ይሁን ሌላ መከላከያ የሚለውም እንዲሁ ነው። ሁለት ሦስት አማራጭ ያዢና በዚያ አንድ ገጽ መዝኛቸው።

ናሙና ስትሠሪ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ከገበያ የተገዛ ተራ ምጣድ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ፣ በአንድ ሊጥና በአንድ ጋጋሪ ፈትኚ። ሸክላ በእጅ ስለሚሠራ ከአንድ ሸክላ ሠሪ የተገዙ ምጣዶችም አይመሳሰሉም። አንዷን ለክተሽ አትርኪ። የብረቱ አካል ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄድ የመከላከያ ሽቦ) ይኑረው፤ እርጥብ እጅ የሚነካው ዕቃ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አንድ ናሙና መሥራትና መቶ መሥራት ይለያያሉ። ቆርቆሮውን የሚያጥፍልሽ ወርክሾፕ ምን ማሽን አለው? ሬዚስታንሱ ሲቃጠል የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ሊቀይረው ይችላል? ካልቻለ ዕቃሽ አንድ ዓመት ሳይሞላው ቆጥ ላይ ይወጣል። ይህን ወርክሾፑ ሄደሽ ጠይቂ፤ ኢንተርኔት ላይ አታገኚውም።

ስለ ሥራው እውነቱን ልንገርሽ። አገራችን ውስጥ «የምርት ዲዛይን መሐንዲስ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ብዙም አይወጣም። የምርት ክፍል፣ የጥራት ቁጥጥርና የጥገና ማስታወቂያዎችን እዪ። ዕቃ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚበላሽ የምትማሪው እዚያ ነው። ኢንተርቪው ስትሄጂ የሚያምረውን ሥዕል ብቻ አትያዢ። ያልተሳካው ናሙና ፎቶ፣ የለካሽው ቁጥርና ከዚያ በኋላ የቀየርሽው ነገር ያለበትን ደብተር ያዢ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከሥዕሉ በፊት እሱን ነው የምገልጠው።

ውጤቱ አዲስ ነገር ከሆነ ቴሌግራም ላይ ከመለጠፍሽ በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደሽ ጠይቂ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ከፓተንት ሌላ አነስተኛ ፈጠራም ይመዘገባል፤ ለተሻሻለ ምጣድ ይበልጥ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ለዚህ ሳምንት ግን ዋት ሜትርና ቴርሞካፕል ከትምህርት ክፍልሽ ላብ ተዋሺና አንድ የሚጋገርበት ቤት ሂጂ።